ያለ ሽምደዳ መናገር፦ ለአምስት ደቂቃ የክፍል ንግግር የአሥር ቀን ዝግጅት

ክፍል ፊት ወጥተው መናገር የሚያስጨንቃቸው ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ሰነፎች አይደሉም። እንዲያውም ብዙዎቹ ከጓደኞቻቸው በላይ ለፍተው የመጡ ናቸው። የሚያስቸግራቸው የዝግጅታቸው ዓይነት ነው። ንግግሩን ከሰላምታው እስከ ምስጋናው ወረቀት ላይ ይጽፉታል፤ ዶርም ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጠው በልባቸው ይሸመድዱታል፤ ክፍል ፊት ሲቆሙ ግን አንዲት ቃል ትጠፋባቸዋለች። የተሸመደደ ነገር ቃል ከቃል የተያያዘ ስለሆነ አንዷ ስትጠፋ ቀጥሎ ያለው ሁሉ አብሯት ይሄዳል። ያኔ ተማሪው «እኔ መናገር አልችልም» ብሎ ይደመድማል። በራስ መተማመን የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው፦ ቃሉን ሳይሆን ሐሳቡን በመያዝ፣ በልብ ሳይሆን በድምፅ በመለማመድ፣ ለብቻ ጀምሮ የአድማጩን ቁጥር ቀስ በቀስ በማሳደግ።

ከዚህ በታች ያለው በጅማ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በከተማዋ ባሉ ሌሎች ኮሌጆች የኮሙኒኬሽን ኮርስ ለምትወስዱና የአምስት ደቂቃ ንግግር እንድታቀርቡ ለታዘዛችሁ ነው። አሥር ቀን እንዳላችሁ ቆጥረናል። ጊዜው ካነሰ ደረጃዎቹን አሳጥሩ እንጂ አትዝለሉ፤ በተለይ የድምፅ ልምምዱን።

ስለ ፍርሃቱ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት

የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የአፍ መድረቅ፣ የሆድ መገላበጥ፦ እነዚህ ሁሉ አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ሰውነትን ለከባድ ሥራ ሲያዘጋጅ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ልምድ ያላቸው ተናጋሪዎችም ይሰማቸዋል። ሁለት ነገር ማወቅ ብቻውን ያቀልለዋል። አንደኛ፣ ጭንቀቱ ጣሪያ የሚደርሰው ስማችሁ ከመጠራቱ ጥቂት ቀደም ብሎና በመጀመሪያው ደቂቃ ነው፤ ንግግሩ ከቀጠለ በኋላ በራሱ እየወረደ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ተናጋሪው ውስጡ የሚሰማው መረበሽ አድማጩ ከሚያየው በጣም ይበልጣል። እናንተ «ሁሉም አየው» ያላችሁትን የጉልበት መንቀጥቀጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለ ተማሪ አያየውም።

የሚያባብሰው መሸሽ ነው። ተራው ሲደርስ መቅረት፣ «እኔ ስላይዱን እሠራለሁ፣ አንተ አቅርብ» ማለት ለዚያች ቀን እፎይታ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሰውነት «ያመለጥኩት አደገኛ ነገር ነበር» ብሎ ስለሚይዘው የሚቀጥለው ተራ የባሰ ይከብዳል።

ቀን 1 እና 2፦ ርዕሱን ማጥበብ

«ቡና» ለአምስት ደቂቃ ንግግር ርዕስ ሊሆን አይችልም። «የጫት ጉዳት»፣ «የሴቶች ትምህርት»፣ «ቴክኖሎጂ» እንደዚሁ። በጣም ሰፊ ስለሆኑ ተናጋሪው ከኢንተርኔት ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል፤ የራሱ ያልሆነ ነገር ስለሚናገርም ለመሸምደድ ይገደዳል። ለአምስት ደቂቃ የሚበቃ ርዕስ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳል። ለምሳሌ፦ «ገበሬው እሸት ቡናውን መሬት ላይ ከማስጣት ይልቅ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ቢያደርቅ ምን ይጠቀማል?» ይህን ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዘነው እንሄዳለን፤ ከጎማ፣ ከሊሙ ወይም ከማና የመጣ ተማሪ ሁሉ ቤቱ ያየው ነገር ነውና።

ርዕሱ ይሆን እንደሆነ ለማወቅ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ምንም ሳላነብ ስለዚህ ጉዳይ ለጓደኛዬ ሁለት ደቂቃ ማውራት እችላለሁ? በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር አለው? አድማጩ ከሰማ በኋላ የሚለውጠው አስተያየት ወይም የሚያደርገው ነገር አለ? ሁለቱን እንኳ ካሟላ ያዙት። ርዕስ መምረጥ ላይ ከሁለት ቀን በላይ አትቆዩ፤ ርዕስ መቀያየር ራሱ የፍርሃት መደበቂያ ይሆናል።

ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ንግግሬ ሲያልቅ አድማጮቼ ________ ያውቃሉ» ወይም «ለማድረግ ይነሳሉ»። በምሳሌያችን፦ «ንግግሬ ሲያልቅ አድማጮቼ ቤተሰባቸው ቡና ካለው፣ የማድረቂያ አልጋ መሥራት ለምን እንደሚያዋጣ ያስረዳሉ»። ይህን ዓረፍተ ነገር የማያግዝ ማንኛውም መረጃ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይቅር። የቡና ታሪክ፣ የካልዲና የፍየሎቹ አፈ ታሪክ፣ አገሪቱ በዓመት የምትልከው መጠን እዚህ ቦታ የላቸውም።

ቀን 3፦ አጽሙ በሴኮንድ

አምስት ደቂቃ 300 ሴኮንድ ነው። እንዲህ አከፋፍሉት፦ መግቢያ 40 ሴኮንድ፣ የመጀመሪያው ነጥብ 100፣ ሁለተኛው ነጥብ 100፣ መዝጊያ 40። 20 ሴኮንድ ይተርፋል፤ እሱ ለትንፋሽ፣ ለእረፍትና ተማሪው ሲስቅ ወይም ሲያጉረመርም ለሚሄደው ጊዜ ነው። ብዙ መጻሕፍት ሦስት ነጥብ ይላሉ። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚናገር ጀማሪ ግን ሁለት ይሻላል፤ ሦስተኛው ነጥብ ሁልጊዜ የሚቀርበው በሩጫ ነው።

በእንግሊዝኛ የምታቀርቡ ከሆነ የተለመደው የንግግር ፍጥነት በደቂቃ ከ130 እስከ 150 ቃል ነው። ቋንቋው ሁለተኛችሁ ወይም ሦስተኛችሁ ስለሆነ ከ100 እስከ 120 ያዙ፤ ማለትም ጠቅላላው ከ500 እስከ 600 ቃል ነው። ከዚያ በላይ ካዘጋጃችሁ ወይ ትሮጣላችሁ ወይ መምህሩ ያቋርጣችኋል።

መግቢያው ላይ ትልቁ ስህተት ሰላምታው ነው። «በመጀመሪያ ደረጃ ይህን ዕድል ስለሰጡኝ የተከበሩ መምህራችንን፣ ቀጥሎም ውድ የክፍል ጓደኞቼን…» እያለ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ተናጋሪ ከንግግሩ አምስተኛውን እጅ ጨርሷል። በስብሰባና በሠርግ ላይ ይህ ወግ ቦታ አለው። እዚህ ግን «እንደምን ዋላችሁ» ይበቃል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደሚታይ ነገር፦

«ሁለት እፍኝ ቡና አለኝ። ከአንድ ማሳ፣ በአንድ ቀን ተለቀሙ። አንዱ መሬት ላይ ደረቀ፣ ሌላው አልጋ ላይ። እስቲ ሁለቱንም አሽትቷቸው።»

አራት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ የተጋነነ ቃል የለም፣ አድማጩ ግን አንገቱን ያቀናል። ቡናውን በእጃችሁ ይዛችሁ ከቀረባችሁ ደግሞ እጃችሁ ሥራ ስለሚያገኝ መንቀጥቀጡን ይረሳል።

የመጀመሪያው ነጥብ ችግሩ ነው፦ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና ከሥር አየር አያገኝም፣ የአፈሩን እርጥበትና ሽታ ይስባል፣ ዝናብ ድንገት ሲመጣ ቶሎ ማንሳት ስለማይቻል ይሻግታል፤ በቅምሻ ጊዜ የአፈር ጣዕሙ ይታወቅና ደረጃው ይወርዳል። ሁለተኛው መፍትሔው ነው፦ ከእንጨትና ከሽቦ ወይም ከቀርከሃ የሚሠራ አልጋ፣ ስስ አድርጎ ማስጣት፣ በቀን ብዙ ጊዜ ማገላበጥ፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ መሸፈን፣ እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ እስኪወርድ መጠበቅ። አሳማኝ ንግግር ከሆነ በ1930ዎቹ አላን ሞንሮ የተባለው አሜሪካዊ መምህር ያዘጋጀው አካሄድ ይጠቅማል፦ ትኩረት መሳብ፣ ችግሩን ማሳየት፣ መፍትሔውን መስጠት፣ መፍትሔው ቢሠራ ምን እንደሚመስል ማሳየት፣ በመጨረሻ አንድ የተወሰነ ነገር እንዲያደርጉ መጠየቅ። የእኛ ምሳሌ በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

በቃል የሚያዘው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓረፍተ ነገሮችና የመጨረሻዎቹ ሁለት። መጀመሪያው የሚያዘው ፍርሃቱ ያኔ ስለሚከብድ ነው። መጨረሻው የሚያዘው ደግሞ ተናጋሪው እንዴት እንደሚያቆም ሳያውቅ «እና… ያው… ይሄ ነው… አመሰግናለሁ» ብሎ እየተንሸራተተ እንዳይወርድ ነው። መሃሉን በነጥብ ብቻ ያዙት።

ቀን 4፦ ካርዶቹ

አንድ ኤ4 ወረቀት አራት ቦታ እጠፉና ቅደዱት፤ ጠንከር ያለ ወረቀት ካገኛችሁ የተሻለ ነው። አራት ካርድ ይበቃል፦ መግቢያ፣ ነጥብ አንድ፣ ነጥብ ሁለት፣ መዝጊያ። በእያንዳንዱ ላይ ከሰባት ቃል አይብለጥ፣ በትልልቅ ፊደል፣ በአንድ ገጽ ብቻ። ቀኝ ጥጉ ላይ ቁጥር ጻፉ፤ ካርድ ከእጅ ወድቆ ቅደም ተከተሉ ሲጠፋ የሚደርሰውን ድንጋጤ ቁጥሩ ያስቀራል። ቁጥርና መጠን በቃል ለመያዝ አትልፉ፤ «11–12 በመቶ» የሚለውን ካርዱ ላይ ጽፋችሁ ዓይታችሁ አንብቡት። ይህን ማንም እንደ ጉድለት አይቆጥረውም።

ሙሉ ኤ4 ወረቀት ይዛችሁ አትውጡ። ሰፊ ወረቀት ትንሿን የእጅ መንቀጥቀጥ አጉልቶ ያሳያል፤ ይንኮሻኮሻልም። ሙሉው ጽሑፍ እዚያ ካለ ደግሞ ዓይን ራሱ እየወረደ ማንበብ ይጀምራል። ስልክ ላይ አይቶ ማንበብ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ስክሪኑ ይጠፋል፣ መልእክት ይገባል፣ ፊታችሁም ይሸፈናል።

ከቀን 5 እስከ 8፦ ልምምዱ

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብታጎድሉ እንኳ ይህን አታጉድሉ። በልብ መለማመድ ልምምድ አይደለም። ምላስ፣ ትንፋሽና ጆሮ አብረው ካልሠሩ ሐሳቡ ወደ አፍ የሚመጣበት መንገድ አይጠረግም። ስለዚህ ሁልጊዜ ቆማችሁ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጡ። ስትሳሳቱ ወደ ኋላ አትመለሱ፤ ክፍል ውስጥ መመለስ ስለሌለ ስህተቱን አልፎ መቀጠልን ራሱን መለማመድ አለባችሁ።

በቀን 5 መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ አቅርቡት፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በየትኛውም። ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። በራሳችሁ ቋንቋ አምስት ደቂቃ ማስረዳት ያልቻላችሁትን ነገር በእንግሊዝኛ ማስረዳት አትችሉም፤ ስለዚህ እዚህ ከተደናቀፋችሁ ችግሩ እንግሊዝኛው አይደለም፣ አጽሙ ነው። ወደ ቀን 3 ተመለሱ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ። በእያንዳንዱ ጊዜ ዓረፍተ ነገሮቹ ትንሽ የተለያዩ ሆነው መውጣት አለባቸው፤ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከሆኑ ሽምደዳው ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው።

በእንግሊዝኛው ላይ አነጋገራችሁ የእንግሊዝ ሰው እንዲመስል አትድከሙ። ርዕሳችሁ ያለ እነሱ የማይነገርባቸውን ስምንት ወይም አሥር ቁልፍ ቃላት ብቻ ለዩና አነባበባቸውን በስልክ መዝገበ ቃላት ላይ ሰምታችሁ በድምፅ ደጋግሙ። ቃል ሲጠፋባችሁ የምታልፉበትንም አስቀድማችሁ አዘጋጁ፦ የ«እርጥበት» እንግሊዝኛ ቢጠፋ «ቡናው ውስጥ ያለው ውኃ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ማለት ትችላላችሁ።

በቀን 6 ስልክ አቁማችሁ ራሳችሁን ቅዱ። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ እዩ፦ አንዴ ድምፁን ዘግታችሁ እግርና እጅን፣ አንዴ ስልኩን ገልብጣችሁ ድምፁን ብቻ። ሲሰሙት የሚያሳፍር የሚመስለው ሁሉም ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሲሰማ ስለሚገርመው ነው፤ አትሰርዙት። «እ…»፣ «ማለት ነው»፣ «ምንድን ነው»፣ «እንትን»፣ «ያው» የሚሉትን ቁጠሩ። በደቂቃ ከአራት ከበለጡ በአንዱ ላይ ብቻ ሥሩ፦ ያ ቃል ሊመጣ ሲል አፋችሁን ዝጉና ዝም በሉ። ዝምታው ለእናንተ ረጅም ይመስላል፤ ለአድማጭ የተረጋጋ ሰው አነጋገር ነው።

በቀን 7 ለአንድ የዶርም ጓደኛ አቅርቡ። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ጥሩ ነው» ይላችኋል። «የመጀመሪያው ነጥቤ ምን ነበር?» በሉት። መመለስ ካልቻለ ነጥቡ አልወጣም። በቀን 8 ለአራት ወይም ለአምስት ሰው፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ባዶ ክፍል ለምናችሁ። አንዱ መጨረሻው ረድፍ ይቀመጥና ቃል ባልሰማው ቁጥር እጁን ያንሳ።

ስለ ዝናብ

ጅማ ለብዙ ወራት ዝናብ ይዘንባል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ክፍል ውስጥ የሰው ድምፅ አይሰማም። ለዚህ ያልተዘጋጀ ተናጋሪ መጮኽ ይጀምራል፤ በጉሮሮ የሚወጣ ጩኸት ደግሞ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ድምፅን ያሻክራል፣ ቃላቱም አይለዩም። ዝናቡ ቀለል ያለ ከሆነ ከመድረኩ ወርዳችሁ ወደ ረድፎቹ መሃል ግቡ፣ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፣ የእያንዳንዱን ቃል መጨረሻ ግለጹ። ከባድ ከሆነ ዐረፍተ ነገሩን ጨርሳችሁ ቁሙ፣ መምህሩን ተመልከቱና «ጥቂት ብንጠብቅ?» በሉ። የጅማ መምህራን ይህን ያውቁታል፤ ሰዓታችሁን ያቆሙላችኋል። የእፍኝ ቡናውን ምሳሌ የያዘ ተናጋሪ ደግሞ ያን ጊዜ ቡናውን በረድፎቹ ሊያዞር ይችላል።

ድምፅና ትንፋሽ

ሲፈራ ሰው በደረቱ ላይኛ ክፍል ብቻ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ትንፋሹ ያልቃል፣ ድምፁም ይቀጥናል። እጃችሁን እምብርታችሁ ላይ አድርጉ። በአፍንጫ አራት እየቆጠራችሁ ስታስገቡ እጁ ወደ ውጭ መገፋት አለበት፤ ስድስት እየቆጠራችሁ በአፍ አውጡ። አምስት ጊዜ። ማስወጣቱ ከማስገባቱ ይርዘም፤ የልብ ምቱን የሚያረጋጋው እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ለሳምንት ካልተለማመዳችሁት ክፍል በር ላይ ቆማችሁ ብትሞክሩት አይሠራላችሁም።

ጫትን በተመለከተ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ በከተማችን «ሞራል ይሰጣል» ብለው ከፕረዘንቴሽን በፊት የሚቅሙ ተማሪዎች አሉና። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ ቀድሞውኑ በአድሬናሊን የፈጠነውን ልብ ይጨምርበታል፣ አፍ ያደርቃል፣ ንግግር ያስሮጣል። ተናጋሪው በምርቃና ጥሩ የተናገረ ይመስለዋል፤ አድማጩ ግን አልተከታተለውም። ቡና ደግሞ ልማዳችሁ ከሆነ የለመዳችሁትን ያህል ጠጡ፣ አትጨምሩ። ለደረቀ አፍ መድኃኒቱ ለብ ያለ ውኃ ነው፤ ከወተትና ከጣፋጭ ነገር ራቁ፣ ጉሮሮ ላይ ይያያዛሉ።

ዓይን

ብዙዎቻችን ታላቅን ሲያናግሩ ዓይንን ሰበር ማድረግ ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ከዚያ ኮሌጅ ስንገባ «ዓይን ዓይናቸውን እያየህ ተናገር» እንባላለን፤ መምህሩም እዚያ ተቀምጧል። ይህ ግጭት እውነተኛ ስለሆነ «በቃ ድፈር» ማለት አይፈታውም። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ መምህሩን ለመጨረሻ ተዉት። ክፍሉን በግራ፣ በመሃልና በቀኝ ክፈሉና በየክፍሉ ፊቱ የሚያበረታታ አንድ እኩያችሁን ምረጡ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለአንዱ ተናገሩ፣ ቀጣዩን ለሌላው። ዓይን ዓይኑን ማየት ከከበደ ቅንድቡ መሃል እዩ፤ ከሦስት ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን አይለየውም። መምህሩን በመዝጊያው አንዴ ካያችሁ ይበቃል። ጣሪያ፣ መስኮትና ጫማ ግን አይታዩም።

እግር የትከሻን ስፋት ያህል ይከፈት፣ ክብደቱ በሁለቱም ላይ እኩል ይሁን። በአንድ እግር የቆመ ሰው ሳያውቀው ይወዛወዛል። እጅ ከካርዱ ጋር ደረት በታች ይሁን፤ ኪስ ውስጥ፣ ከጀርባ ወይም ነጠላ ጫፍ ሲያፍተለትል አይሁን።

ስላይድ

ለአምስት ደቂቃ ከሦስት አይበልጥ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፎቶ ወይም አንድ ቁጥር፣ የፊደሉ መጠን ከ28 አይነስ። ፋይሉን በፍላሽና በስልክ ያዙ፣ በፒዲኤፍም አስቀምጡት። መብራት ሊጠፋ፣ ፕሮጀክተሩ እምቢ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ከልምምዶቻችሁ ቢያንስ አንዱ ያለ ስላይድ ይሁን። ያለ ስላይድ የማይቆም ንግግር ከሆነ ገና አልተዘጋጀም።

የቀኑ ዕለት

በቀን 9 አንድ ጊዜ ብቻ ተለማመዱና ተዉት፤ ማታውን ሙሉ መደጋገም እንቅልፍ ከማሳጣት ያለፈ አይጠቅምም። በቀን 10 ከሰዓቱ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። የምትቆሙበት ቦታ ላይ ቆማችሁ ክፍሉን እዩ፣ ከተቻለ ቀድመው ከመጡት ጋር ሁለት ሦስት ቃል ተነጋገሩ። ዝርዝሩ በእናንተ ፈቃድ የሚሞላ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ተናጋሪዎች አንዱ ሁኑ፤ መጨረሻ የሚቀርብ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲፈራ ይቆያል፣ የሌሎቹንም አይሰማም።

ስም ሲጠራ ይህን በቅደም ተከተል፦ ሳትሮጡ ሂዱ። ካርዱን ያዙ። እግራችሁን ትከሉ። ክፍሉን ከግራ ወደ ቀኝ እዩ። አንድ ሙሉ ትንፋሽ። ከዚያ በቃል የያዛችኋትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ ከልምዳችሁ በዝግታ። እየሄዱ መናገር መጀመር ትንፋሽን ስለሚያዛባ አይሆንም። «ይቅርታ፣ ትንሽ ፈርቻለሁ»፣ «ጊዜ ስላልነበረኝ ብዙ አልተዘጋጀሁም» አትበሉ፤ ያላዩትን ጉድለት እንዲፈልጉ ትልኳቸዋላችሁ።

ጭልጥ ብሎ ሲጠፋ፦ ቁሙ። አፍ ይዘጋ። አንዴ ተንፍሱ። ካርዱን እዩ፤ ለመደበቅ ሳትሞክሩ በግልጽ እዩት። ካልመጣላችሁ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በሌላ አነጋገር ድገሙት፦ «እንዳልኩት፣ መሬቱ እርጥበት ይሰጣል…»፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀጣዩ ከዚያ ይመጣል። አሁንም ካልመጣ ወደ ቀጣዩ ካርድ እለፉ። የዘለላችሁትን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ጥያቄ ሲመጣ እስከ መጨረሻው ስሙ፣ በአጭሩ ደግማችሁ ለሁሉም አሰሙ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር መልሱ። የማታውቁትን «ይህን አላጣራሁም» በሉ፤ የፈጠራ መልስ ክፍሉ ውስጥ ጉዳዩን የሚያውቅ የገበሬ ልጅ ሲኖር ወዲያው ይጋለጣል።

የግሩፕ ፕረዘንቴሽን

የተለመደው አሠራር አንዱ ጎበዝ አዘጋጅቶ በመጨረሻው ሌሊት ለሌሎቹ ገጽ ማከፋፈል ነው። ውጤቱ ይታወቃል፦ አምስት ሰው ተሰልፎ ይቆማል፣ እያንዳንዱ የማያውቀውን ገጽ ያነባል። ከመጀመሪያው ቀን ሥራውን በገጽ ሳይሆን በጥያቄ ተካፈሉ፤ አንዱ «ችግሩ ምንድን ነው?» የሚለውን ፈልጎ፣ አዘጋጅቶ፣ ራሱ ያቅርብ። ሁሉንም አባላት መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ያስተዋውቅ። ተራ የሚሰጥ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረክብ፦ «ችግሩን አይተናል፤ መፍትሔውን ሐና ታሳያችኋለች።» የማይናገሩት ተቀምጠው ወይም ወደ ጎን ቆመው ተናጋሪውን ይመልከቱ። ሁላችሁም አንድ ላይ ሰዓት ይዛችሁ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ካልተለማመዳችሁ የመጨረሻው ተናጋሪ ሁልጊዜ ጊዜ ያጣል።

ፍርሃቱ ከዚህ በላይ ለሆነባችሁ

ከመፍራት አልፎ የምትታመሙ፣ ኮርሱን ለመተው የምታስቡ ከሆነ ወይም የምትንተባተቡ ከሆነ ቀኑ ሳይደርስ መምህራችሁን ቢሮ ሄዳችሁ አነጋግሩ። የምትጠይቁት ከንግግሩ እንዲያወጣችሁ ሳይሆን ደረጃውን እንዲያስጀምራችሁ ነው፦ መጀመሪያ ለመምህሩ ብቻ፣ ከዚያ ለአምስት ተማሪዎች፣ ከዚያ ለክፍሉ። የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ባለበት ግቢም ሂዱ፤ ለዚህ የተቋቋመ ነው። መምህራንም የመጀመሪያውን ንግግር ማርክ የሌለው የአንድ ደቂቃ ቢያደርጉት፣ ንግግሩ መሃል ሰዋስው ባያርሙ፣ ያረሙትንም በኋላ ለብቻ ቢሰጡ ክፍሉ በአንድ ሴሚስተር ይለወጣል።

ከክፍል ውጭ፦ በአስተርጓሚ መናገር

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ማኅበረሰቡ መሃል እያሰማራ በማስተማር የታወቀ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ቀበሌ ወርዳችሁ ለነዋሪ የምትናገሩበት ቀን ይመጣል። አፋን ኦሮሞ የምትችሉ በቀጥታ ተናገሩ። የማትችሉ በጓደኛ አስተርጓሚነት ትናገራላችሁ፤ ይህም የራሱ ሥርዓት አለው። ጊዜው እጥፍ ስለሚሆን የአምስት ደቂቃውን ንግግር ወደ ሁለት ተኩል ቀንሱት። በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግራችሁ ቁሙ። አስተርጓሚው ሲናገር ወረቀታችሁን ሳይሆን አድማጮቹን ተመልከቱ። አስቸጋሪ ቃላትን አስቀድማችሁ ከአስተርጓሚው ጋር ተስማሙባቸው፤ የጤና ወይም የግብርና ቃል እዚያው ቆሞ መተርጎም ለማንም ይከብዳል። አባቶችና እናቶች ባሉበት ወዲያው ወደ ጉዳዩ አትግቡ፤ ክፍል ውስጥ ያሳጠርነው ሰላምታ እዚህ ሙሉ ቦታውን ያገኛል፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ።

ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ በዚያው ቀን ሦስት መስመር ጻፉ፦ የሠራው ምንድን ነው፣ ያልሠራው ምንድን ነው፣ በሚቀጥለው የማሻሽለው አንድ ነገር ምንድን ነው። አንድ ብቻ። ለሁለት ጓደኞቻችሁ አስቀድማችሁ ሥራ ከሰጣችኋቸው (አንዱ ሰዓት ይያዝ፣ ሌላው «ማለት ነው» ይቁጠር) የምትጽፉት በግምት ሳይሆን ባዩት ላይ የቆመ ይሆናል። የሚቀጥለው ንግግር ሲታዘዝ ያችን አንድ መስመር በመጀመሪያው ካርድ ራስጌ ላይ ጽፋችሁ ጀምሩ።